ሕፃን ምስክር በሚሆንበት ጊዜ

ጥር 25 ቀን 1968 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ የፈረንሣይ ወታደሮችን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ አውቶቡስ በታጣቂዎች ተጠለፈ። ጅቡቲ በዚያን ጊዜ ገና በፈረንሣይ አገዛዝ ሥር ነበረች። የሶማሌ ጠረፍ ነፃ አውጪ ግንባር አባሎች የነበሩት ጠላፊዎች ሠላሳ ያህል ሕፃናት የያዘውን አውቶቡስ ወደ ሎያዳ የድንበር ኬላ ወሰዱት። በማግሥቱ የፈረንሣይ ኃይል ተኩስ ከፍቶ አብዛኞቹን ሲያስለቅቅ ሁለት ልጃገረዶች ለሞት ተዳረጉ፤ ወደ ሶማሊያ የተወሰደው አንድ ልጅም ከቀናት በኋላ ተመለሰ።

ከእንዲህ ያለ መከራ የወጣ ሕፃን የዐይን ምስክር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎቹም መርማሪዎች ሳይሆኑ ብዙውን ጊዜ እናቱና አባቱ ናቸው። ታዲያ ቃሉ ምን ያህል ይታመናል?

በዚያው ዓመት ሐምሌ 8 ቀን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ቻውቺላ በተባለች ከተማ 26 ልጆች ከአውቶቡስ ሾፌራቸው ጋር ተጠልፈው ከመሬት በታች በተቀበረ ተሳቢ ውስጥ ታግተው ነበር። ሁሉም በሕይወት ወጡ። የአእምሮ ሐኪሟ ሌኖር ቴር ከልጆቹ አብዛኞቹን አነጋግራ ዓመታት ካለፉ በኋላም የሆነውን በዝርዝር እንደሚያስታውሱ ተገነዘበች። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ የጠላፊዎቹን መልክ አሳስተዋል፤ የድርጊቱንም ቅደም ተከተል አዛብተዋል። እንግዲህ ዋናው ነገር በልብ ሲቀር ዝርዝሩ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን ከአዋቂ አንደበት የሚመነጭ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሳም ስቶን የተባለ እንግዳ አንድ የሕፃናት ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ጎብኝቶ ምንም ሳያበላሽ ሄደ። ገለልተኛ ጥያቄ ብቻ የቀረበላቸው ሕፃናት እምብዛም አልሳቱም። አስቀድሞ ስለ ሰውየው ዝርክርክነት የተነገራቸውና ለአሥር ሳምንታት መሪ ጥያቄ የተደጋገመባቸው ግን ብዙዎቹ መጽሐፍ እንደ ቀደደ፣ አሻንጉሊት እንዳቆሸሸ ተናገሩ። ይበልጥ የተሳሳቱትም ትንንሾቹ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ነበሩ። እነዚህ ሕፃናት ዋሹ አይባልም፤ የተነገራቸውን ካዩት ጋር አደባለቁት እንጂ።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ልጅዎ አደጋ ወይም በደል አይቶ ሲመጣ በቅድሚያ ያረጋጉት። ከዚያም «ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብለው ዝም ይበሉ። «ሰውየው ጢማም ነበር፣ አይደል?» የሚል ጥያቄ ጢም ለሌለው ሰው ጢም ያበቅልለታል። አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅም አይገባም፤ ሕፃኑ የመጀመሪያው መልሴ ስሕተት ነበር ብሎ ቃሉን ይለውጣልና። ጎረቤት ተሰብስቦ ነገሩን በፊቱ እንዲያወራ አይፍቀዱ። እርስዎ የጠየቁትንና እሱ የመለሰውን እንደ ወረደ በወረቀት ላይ አስፍረው ለመርማሪው ያስረክቡ።

ያልተበረዘ የሕፃን ቃል በደለኛውን ለፍርድ ሊያቀርብ ይችላል፤ የተበረዘ ቃል ግን ንጹሑን ያሳስራል፣ እውነተኛውንም አጥፊ ያስመልጣል።