አሻሚ ሰብእናና የተስፋ ፍጻሜ በወንጀል ልብ ወለድ

በብዙ የወንጀል ልብ ወለዶች ዋናው ጥያቄ «ገዳዩ ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ሲገኝ ታሪኩም ይፈጸማል። በሌሎች ግን ገዳዩ ከመነሻው የታወቀ ነው፤ የሚመረመረውም የገዳዩ ኅሊና ነው። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው ሩሲያዊው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1866 እ.ኤ.አ. በመጽሔት በተከታታይ ያወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ነው።

ራስኮልኒኮቭ ትምህርቱን ያቋረጠ ድኻ ወጣት ነው። መያዣ እየተቀበለች ገንዘብ የምታበድረውን አሮጊት ሲገድል፣ ድርጊቱ ለብዙዎች እንደሚጠቅም ራሱን አሳምኖ ነበር። ይሁን እንጂ ሳይታሰብ የደረሰችውን ምንም በደል የሌለባትን እኅቷንም ይገድላል። ይኸው ሰው እናቱ ከላከችለት ገንዘብ ባሏ ለሞተባት ችግረኛ ይለግሳል። ስለሆነም አንባቢው ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ሊጠላውም ሆነ ሊወደው አይቻለውም። ወንጀሉ ግን ወንጀልነቱን አይለቅም።

መርማሪው ፖርፊሪ ፔትሮቪች ቢደርስበትም በቂ ማስረጃ አልነበረውም፤ ሌላ ሰውም ግድያውን እኔ ፈጸምሁ ብሎ በሐሰት ተናዞ ነበር። ራስኮልኒኮቭ በሶንያ ግፊት እጁን ሰጥቶ በሳይቤሪያ የ8 ዓመት የግዞት ሥራ ይፈረድበታል። እዚያም ወዲያው አይጸጸትም። የተስፋው ጭላንጭል የሚታየው ዘግይቶ፣ ገና 7 ዓመት ሲቀረው ነው። ደራሲው ራሱ ከ1850 እስከ 1854 እ.ኤ.አ. በኦምስክ እስር ቤት ስለቆየ የዓመታቱን ክብደት ያውቃል፤ በመሆኑም ተስፋው ቅጣቱን አይሰርዝም።

እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚያስተምር መምህር «ወንጀል አይጠቅምም» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያጠቃልለው፣ ተማሪው መጽሐፉን ሳያነብ ሊመልስ የሚችለውን ብቻ ይማራል። ከዚህ ይልቅ ክፍሉን ከሳሽና ጠበቃ አድርጎ ከፍሎ፣ እያንዳንዱ ወገን ማስረጃውን ከታሪኩ እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። ቀጥሎም «የቀሩት 7 ዓመታት ቢሰረዙለት ፍጻሜው ያሳምን ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ፈተና የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም ነጥቡን ተማሪው ለያዘው አቋም ሳይሆን ላቀረበው ማስረጃ ቢሰጡ ይህንኑ ጥረት ይደግፋሉ።

በዚህ መንገድ የሠለጠነ ወጣት፣ ከክፍል ውጭ የበደለ ሰው ሲያጋጥመው፣ ጥፋቱን በስሙ እየጠራ በሰውየው ተስፋ ላለመቁረጥ ይበልጥ የተዘጋጀ ይሆናል።