ጉዱ ካሣን ማን ይጫወተው?

ኮልፌ ቀራኒዮ ለምንኖር የታክሲ መንገድ ረጅም ነው። ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች እስክደርስ ጆሮዬ ላይ ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ድሮ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተረከው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ።

ልቦለዱን ተከታታይ ድራማ ላድርገው ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚከብደው ይሄ ድምፅ ነው። የቱም ተዋናይ ቢመጣ «ኧረ ይሄ ጉዱ ካሣ አይደለም!» ማለታችን አይቀርም። እኔ ግን በድምፅ አልጨቃጨቅም። ብዙዎቻችን መጽሐፉን በጆሮ እንጂ በዓይን አናውቀውም፤ ስክሪን ላይ ያየነውን ነው «ሀዲስ አለማየሁ የጻፉት» ብለን የምንይዘው።

በ1958 ዓ.ም የታተመው መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ሁሉም ይግባ አይባልም። ሩሲያዊው ቦንዳርቹክ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» በአራት ክፍል፣ ሰባት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ፊልም ሠርቶት እንኳ ብዙ ነገር ትቷል። ስለዚህ ይቆረጥ፣ ይጠር።

የማይነካ ግን አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለድሃው በዛብህ የማይሰጡት ክፉ አባት ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ የዘርና የማዕረግ ሥርዓት አስሯቸው ነው። ካሣ የሚሟገተው ከዚህ ጋር ነው፤ «ጉዱ» ያስባለውም ይኸው ነው። ይህ ከወጣ የሚቀረን ሁለት የሚዋደዱ ልጆች ናቸው፤ እንደዚያ ዓይነት ፊልም ደግሞ ሞልቶናል።

መጨረሻው (ያላነበባችሁ ይህችን ዝለሏት) የሦስቱም ሞት ነው። ተመልካች እንዳይከፋው ብሎ ሰርግ የሚደግስልን ዳይሬክተር ካለ፣ እባክህ ርዕሱንም ቀይረው።