ልጅና ምድጃ በአንድ ወለል

ሕፃን ልጅ ሲቃጠል መጀመሪያ የምትወቀሰው እናቱ ናት። «የት ሄዳ ነው?» ይላል ሰው። ይህ ወቀሳ ተገቢ አይመስለኝም። እንጀራ እየጋገረች፣ ወጥ እያማሰለች፣ ውሃ እየቀዳች የምትውል ሴት ድክ ድክ ከሚል ልጅ ላይ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሳትነቅል መቆየት አትችልም። ይልቅ እሳቱ ልጁ በሚደርስበት ቦታ የሚነደው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ የቤታችን አሠራር ነው። ጉልቻው መሬት ላይ ነው፤ የከሰል ምድጃውም ከአዋቂ ጉልበት በታች ነው። ቡናው የሚፈላው እዚያው ወለሉ ላይ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት መሃል ነው። በከተማ ኪራይ ቤት ደግሞ አንዲቱ ክፍል ማድቤትም መኝታም መጫወቻም ትሆናለች። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ በጥልቀት ያቃጥላል። የልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ሽሮ ይብሳል፤ ወፍራም ስለሆነ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

መብራት የገባበት ቤትም አላመለጠም። ከጠረጴዛ ላይ የተንጠለጠለውን የውሃ ማፍያ ገመድ ሕፃን ይስበዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኳ መብራት ሲጠፋ ከሰሉ ተመልሶ ወለል ላይ ይወርዳል። ላምባ በሚነድበት ቤት ትልቁ አደጋ ምድጃው ወይም ኩራዙ ሳይጠፋ መሙላት ነው፤ ላምባው ቤንዚን ከተቀላቀለበት ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዚህ ጉዳይ እምብዛም አይነሱም። ሕመሙ ምድጃ አጠገብ ሲጥላቸው እሳት ውስጥ ይወድቃሉ። በሽታው በንክኪ ይተላለፋል የሚል ፍርሃት ስላለ አጠገባቸው ያለው ሰው ጎትቶ ለማውጣት ያመነታል፤ በዚያች መዘግየት ቃጠሎው ይጠልቃል። የሚጥል በሽታ በንክኪ ፈጽሞ አይተላለፍም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይረዳም። ፌኖባርቢታልን የመሰለ ርካሽ መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ግን ለብዙዎች ሕመሙን ያስታግሳል። ይህን መድኃኒት ከየጤና ጣቢያው እንዳይጠፋ ማድረግ ራሱ ቃጠሎን መከላከል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም ሊጥ መቀባት ቁስሉን ይበክላል። የሚያስፈልገው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ነው፤ ቧንቧ ከሌለ ከጄሪካን በጆግ እየቀዱ ማንቆርቆር ይቻላል። በረዶ አይደረግበትም። ልብስና ቀለበት ቶሎ ይውለቅ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይነቀል። ፊት፣ እጅ፣ መጋጠሚያ ወይም ብልት ከተቃጠለ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ማየት አለበት። ሳይታከም የዳነ እጅ ቆዳው ተኮማትሮ ጣቶቹ እንደታጠፉ ሊቀሩ ይችላሉ።

ወደ መከላከሉ ስንመለስ፣ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ሲስፋፋ በዋናነት የተወራለት ማገዶ መቆጠቡና ጭስ መቀነሱ ነው። ከሲሚንቶ የተሠራው አካሉ ግን ነበልባሉንም ይከልላል። ከፍ ባለ መደብ ላይ ሲተከል ከልጅ እጅም ከቀሚስ ጫፍም ይርቃል። ምድጃ የሚያድሉ ፕሮጀክቶች የማገዶውን ቁጠባ እንደሚለኩ ሁሉ የመደቡንም ቁመት ይለኩ፤ መደቡን የመሥራት ወጪም ከመጀመሪያው በጀታቸው ውስጥ ይግባ።