የአይሮፕላን ቲኬት ሰዓትና የእኛ ሰዓት

በቦሌ የአይሮፕላን ጣቢያ መንገዱን ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ለላሊበላ፣ ለጎንደር ወይም ለድሬዳዋ የሚሄድ ሰው በተርሚናል 1፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ በተርሚናል 2 ይገባል። አረጋውያንን የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው።

ቲኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለ ሆነ፣ 13 ሰዓት የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ግን ከዚህ ይከፋል። ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነውና፣ «ሰኞ 1፡30» የተባለው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ከቤት መውጣት እሑድ ማታ ነው። ሰኞ ማታ ሸማቸውን ለብሰው፣ ድርቆሹንና በርበሬውን አስይዘው መጥተው፣ አይሮፕላኑ ትናንት ሌሊት መሄዱን በበሩ ላይ የሰሙ እናቶችን አይተናል። ቲኬቱን የላኩ ልጆች ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ቢሰጡ ምን ይከብዳቸዋል?

ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ምእመናን፣ ጣቢያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የመኪናውን ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ። የሻንጣቸውም ምልክት ኤል ኤል አይ መሆኑን ይዩ፤ የጎንደር ጂ ዲ ኪው ነው፣ ኪው ከየት እንደ መጣ እንጃ።

ጠበልስ? ወደ ውጭ አገር ሲኬድ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ የተያዘ ፈሳሽ ከፍተሻው አያልፍም። ከገዳም የመጣ ጠበል ከመጣያ ሲገባ ማየት ያሳዝናል፤ በሚገባ ታሽጎ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይደረግ።