ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ

በአንዲት ትንሽ ከተማ በገበያ ቀን በሬ ተሰረቀ እንበል። ተጠርጣሪውን የሚይዘው ፖሊስ ነው። ማስረጃውን አይቶ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። ሁለቱንም ወገን ሰምቶ የሚፈርደው ዳኛ ነው። የሦስቱም ሥራ ለየብቻ ነው።

ታዲያ ፖሊስ ጠመንጃ መያዝ ብቻ ቢማር ይበቃዋል? አይበቃውም፤ ሕግም መማር አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 እንደሚለው፣ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ያልተማረ ፖሊስ ሰውየውን ደብድቦ «ሰርቄአለሁ» ያሰኘዋል። ሌላ ማስረጃ ከሌለ ክሱ ይወድቃል። ሰውየው ሌባ ከሆነ በነጻ ይሄዳል፤ ባለበሬውም ከስሮ ይቀራል። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ተደበደበ ማለት ነው።

የሠለጠነ ፖሊስ ግን ምስክር ይጠይቃል፤ ዱካ ይከተላል፤ ያየውን ይጽፋል። ምን እንደጎደለ ዐቃቤ ሕጉ ይነግረዋል።

እናንተም አሁን ማንበብ ችላችኋል። ፖሊስ ጣቢያ የሰጣችሁት ቃል ሲጻፍ አንብቡት። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ።