የማይታየው አቧራ፦ ከደላንታ ዋሻ እስከ ወጥ ቤታችን ሻይሽ

በወሎ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ወገልጤና አካባቢ በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ገደሉን በእጅ መሣሪያ እየሰረሰሩ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ይሠራሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ናዳውን ነው፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ የሚጎዳ ሌላም አለ፤ የሚተነፍሱት አየር።

አየሩን የሚበክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሬዶን ነው። በድንጋይና በአፈር ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ዩራኒየም የሚወጣ፣ ጨረር ያለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ አየር በማይዘዋወርበት ጉድጓድ ግን ይጠራቀማል። ለዓመታት የተነፈሰው ሰው በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሲጋራ ካጨሰ ደግሞ አደጋው እጅግ ይብሳል። ሁለተኛው ኳርትዝ ካለበት ድንጋይ የሚነሣው የሲሊካ ብናኝ ነው። ዋናው ጎጂ ከልብስ የምናራግፈው አቧራ ሳይሆን ዓይን የማያየው ደቃቁ ነው። ሳንባ ድረስ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ለወጥ ቤት ሻይሽ የሚሆነው ሰው ሠራሽ ድንጋይ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። የፔታሕ ቲክቫው ራቢን ሕክምና ማዕከል ሐኪሞች በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከ1997 እስከ 2010 ድረስ በዚሁ ሥራ የታመሙ 25 ሰዎች ለሳንባ ንቅለ ተከላ ወደ እነርሱ ተልከዋል። አውስትራሊያ ይህን ድንጋይ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከልክላለች።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሻይሽ የሚቆርጥ ከሆነ እኛ ነርሶች የምንጠይቀውን እናንተም ጠይቁት። ሲቆርጥ ውኃ ይፈስበታል ወይስ በደረቁ ነው? አቧራ የሚስብ ማሽን አለ? ጭምብሉ ፊቱ ላይ የሚገጥም፣ ማጣሪያ ያለው ነው? ሻሽ ወይም ተራ ጨርቅ ደቃቁን አያግድም። የሥራ ልብሱንም ቤት ይዞ አይግባ፤ ሕፃናት አሉ።

በ1984 የወጣው የጎጂ አቧራ ደንብ ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች የሕክምና ክትትል ያዛል። ልጃችሁ ምርመራውን አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት። ሳል ከቆየበት ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ካጠረው ለኩፓት ሖሊም ሐኪሙ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ይንገር። ሐኪሙ ሥራውን ካላወቀ በሽታው አስም ሊመስለው ይችላል። ከሥራው የመጣ በሽታ መሆኑ ከታወቀ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ማመልከት ይቻላል፤ የደመወዝ ወረቀቶቹን ያስቀምጥ።

ሻይሽ የምታሠሩም፣ ድንጋዩ ቤታችሁ ውስጥ በደረቁ እንዳይቆረጥ፣ ተለክቶ በሱቁ በውኃ ተቆርጦ እንዲመጣ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

በማዕድን ዋሻ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስትደውሉ ይህን ንገሩት፦ ድንጋዩን በውኃ እያረጠበ ይቆፍር፣ ዋሻው አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይኑረው፣ ዕረፍቱን ውጭ ያድርግ፣ ሲጋራ ይተው። የከበረ ድንጋይ ነገም ይገኛል፤ የተጎዳ ሳንባ ግን አይመለስም።