መሰርሰሪያው ዝም ባለ ጊዜ

በኮሮና ዘመን ስለ ሐኪሞች፣ ስለ ነርሶችና ስለ አምቡላንስ ነጂዎች የተነገረው ምስጋና ሁሉ የሚገባቸው ነው፤ ነገር ግን የሕፃናትን፣ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን ጥርስ በመንግሥት ደመወዝ የሚጠብቁት ሠራተኞች ከዚህ ምስጋና ድርሻቸውን አገኙ ለማለት አልደፍርም፤ ሰው የሚያስታውሰው የጥርስ ሕክምና ቤቶች መዘጋታቸውን ብቻ ነውና።

በርግጥም በእንግሊዝ አገር፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 25 እስከ ጁን 8 ቀን 2020 ድረስ መደበኛው የጥርስ ሕክምና ተቋርጦ ነበር። ሕመምተኛው በስልክ ምክርና ማስታገሻ ያገኝ ነበር፤ በዚህ ያልተረዳውም ወደ አስቸኳይ የጥርስ ሕክምና ጣቢያ ይላክ ነበር። ከሠራተኞቹም አንዳንዶቹ ወደ ሆስፒታል ተዛውረው በሌላ አገልግሎት ተሰለፉ፤ ከዚህም አንዱ የሐኪሞችን ጭንብል መፈተን ነበር፤ ይኸውም ጭንብል ያጠለቀውን ሰው ራሱን በኮፈን ሸፍነው መራራ ፈሳሽ ይረጩበታል፣ ምሬቱም በምላሱ ከተሰማው ጭንብሉ አየር ያስገባልና ሌላ ይፈለግለታል።

የመዘጋቱ ምክንያት መሰርሰሪያው ነው። ጆን ቦርደን እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያቀረበው በአየር ግፊት የሚሽከረከር መሰርሰሪያ በደቂቃ 300,000 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ፍጥነቱ ጥርሱን እንዳያግለው ውሃ ይረጭበታል፤ ውሃውም ከምራቅና ከደም ጋር ተደባልቆ እንደ ጉም በክፍሉ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሥራው ከተጀመረ በኋላም እንኳ አንድ ጥርስ በተሰረሰረ ቁጥር አየሩ እስኪጠራ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ክፍሉ ባዶውን እንዲቆይ የሚደረግበት ጊዜ ነበር።

አብዛኛው ሰው ታዲያ ያለ መሰርሰሪያ የጥርስ ሕክምና የለም ብሎ ያምናል፤ እኔም በትዕግሥት ልከራከረው የምፈልገው ይህን እምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ባልደረሰበት ስፍራ ለሚኖር ሕዝብ ምን ይደረግለት ብለው ዮ ፍሬንከን የተባሉት ሆላንዳዊ የጥርስ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሲመራመሩ፣ በእጅ ብቻ የሚሠራ አንድ ጥበብ አበጁ። ባለሙያው ጫፉ ማንኪያ በሚመስል ትንሽ ስለት የበሰበሰውንና የለሰለሰውን የጥርስ ክፍል ይፍቃል፤ ጤነኛውን አይነካም፤ ብዙ ጊዜም የማደንዘዣ መርፌ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ የመሙያውን ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ለውሶ ጉድጓዱን ይሞላና፣ ጓንት ያጠለቀ ጣቱን ቫዝሊን ቀብቶ ሙሊቱን ለጥቂት ጊዜ አጥብቆ ይጫነዋል። ይህ ሙሊት በራሱ ከጥርሱ ጋር የሚጣበቅ፣ ፍሎራይድንም ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው፤ ከሥር የቀረው ባክቴሪያም ምግብ ስለሚያጣ መዛመቱን ያቆማል። ታካሚው አንድ ሰዓት ያህል ሳይበላ ከቆየ ይበቃዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም የጤና ቀን ይህን ጥበብ ለዓለም አስተዋወቀ፤ ሆኖም በባለጸጎቹ አገሮች ዘንድ የድኾች መፍትሔ ተብሎ ለብዙ ዘመን ተናቀ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ግን ያው ድርጅት ባወጣው መመሪያ ርጭት የማያስነሣ፣ በእጅ መሣሪያ የሚከናወን ሕክምና እንዲቀድም መከረ። የመንግሥት የጥርስ ሠራተኞች፣ በተለይም ከሕፃናት ጋር የሚውሉት፣ በመሰርሰሪያው ድምፅ የሚሸበረውን ልጅ ሲያክሙ ይህን ዘዴ አስቀድመው ያውቁት ስለ ነበረ መመሪያው እንግዳ አልሆነባቸውም። እኔ በበኩሌ፣ በድኻ አገር ለድኻ ሕዝብ የተወለደ ጥበብ በመከራ ቀን ለባለጸጋው መድረሱን ስመለከት ልቤ ሐሤት ያደርጋል።

መደበኛው ሕክምና ተቋርጦ በነበረበት ወራት ለንደን ውስጥ ለአንዲት የጥርስ ሐኪም በስልክ ሳስተረጉም አንዲት የአገራችን አረጋዊት ገጠሙኝ። ሐኪሟ፣ «ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሕመሙ ወዲያው ይተዋል ወይስ ይቆያል?» ብላ ጠየቀች፤ እኔም፣ «እማማ፣ ቶሎ ይተውዎታል ወይ?» ብዬ አደረስሁ። «ኧረ ልጄ፣ ምኑን ይተወኛል! ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት» አሉ። ሐኪሟ ከዚህ መልስ የጥርሱ ነርቭ መቆጣቱን ተረድታ ወደ አስቸኳይ ጣቢያው ላከቻቸው። ለካስ እማማ ከዚያ በፊት አስፕሪን ጨፍልቀው ድዳቸው ላይ አድርገው ኖሮ ድዳቸው ተቃጥሏል፤ ከልጃቸው የተረፈውንም አሞክሳሲሊን ውጠዋል።

ስለዚህ ነገር ወገኖቼን ጥቂት መውቀሴ ግድ ነው። አስፕሪን የሚዋጥ እንጂ ድድ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አይደለም። አሞክሳሲሊንም የተቆጣን ነርቭ አያበርድም፤ የነርቭ ሕመም የሚድነው ጥርሱ ተከፍቶ ሲታከም ወይም ሲነቀል ነው። መድኃኒቱ የሚታዘዘው የጥርስ መግል ከጥርሱ አልፎ ወደ ፊት ወይም ወደ አንገት ሲዛመት፣ ወይም ትኩሳት ሲያስከትል ነው። ከአገጭ በታች እብጠት ወጥቶ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ፣ ወረርሽኝ ይኑር አይኑር፣ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።